ነኢማ፣ የውድድር ጠበቃዋ

ስልኬ ሲጠራ ጅማ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። የደወሉት ሐጂ ጠሃ ናቸው፤ ከአጋሮ። ሐጂ ጠሃ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ የሚገቡ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ግን ሰላምታ አልነበረም።

«ሰለሞን፣ ነኢማን ኬኛ...» አሉ። በኦሮምኛ ነኢማችን ማለታቸው ነው። ቀጥለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ የቀረውን ተረዳሁት።

ቀጠሮዬን ለሌላ ጠበቃ አደራ ብዬ ወደ አጋሮ መኪናዬን አስነሳሁ። መንገዱን ሁሉ አብራኝ የተቀመጠች ይመስለኝ ነበር። ነኢማ አባመጫ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፤ አንድ ደረጃ ወጥተን፣ አንድ ኮሪደር ተጋርተን ስንሠራ የኖርን። ሐጂ ጠሃ ደግሞ የእናቷ ወንድም ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። የእናት ወንድም በኦሮምኛ ኤሱማ ይባላል፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ «ኤሱማ» እያለች ነው የጠራቻቸው።

መጀመሪያ ያወቅኳት አዲስ አበባ ትልቅ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ሠርታ ወደ ጅማ በተመለሰች ጊዜ ነው። እኔ እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ሁለት ክፍል ይዤ የመሬትና የውርስ ክርክር እሠራ ነበር። አንዱን ክፍል ላከራይ መፈለጌን ሰምታ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ሻርፗን እያስተካከለች የምታወራ ሴት ነበረች።

«ምን ዓይነት ጉዳይ ነው የሚይዙት?» አልኳት።

«የንግድ ውድድርና የውጭ ኢንቨስትመንት።»

«ጅማ ላይ?»

«ቡናው ያለው የት ሆነና?» አለችኝ፤ ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ክፍሉን መለካት ጀመረች። እከራያለሁ እንኳ አላለችም።

ታፔላዋን በሰቀለች ሰሞን አንድ ወፍራም ሰው እያለከለከ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። «የብስክሌት ውድድር ልናዘጋጅ አስበን ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው እዚህ ነው አሉኝ» አላት። እኔ ከወዲያኛው ክፍል ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷ አልሳቀችም። አስቀምጣ ሻይ አስመጣችለት፤ የእሷ ውድድር ምን እንደሆነ፣ ነጋዴ ከነጋዴ ጋር በሐቅ እንዲፎካከር ሕግ ምን እንደሚል በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳችው። ሰውየው ዳቦ ቤት ነበረው። ሻዩን ሳይጨርስ «እንግዲያው የእኔም ጉዳይ አለ» አለ። የሚያቀርብለት የዱቄት ነጋዴ ከሌላ ሰው ዱቄት ከገዛህ አቆምብሃለሁ እያለ ያስፈራራው ነበር። ነኢማ በጅማ የያዘችው የመጀመሪያ ጉዳይ ይኸው ሆነ፤ አሸነፈችለትም።

ድምጿን ዝቅ ማድረግ አታውቅም። ከገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ ከዳኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረንጅ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነው የምታወራው። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታስቀምጥና ዓይን ዓይን እያየች ትጠይቃለች። ደንበኛ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ሲጀምርባት «እውነቱን ከሩቅ አያምጡት፤ አጠገብዎ ካለው ይጀምሩ» ትላለች። ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ግን ይኸን ነው፦ «ሌላ የሚሄድበት የሌለው ሰው እሺ ሲል ተስማማ አይባልም።» ይህን ከእሷ የሰማሁት ስለ ሕግ ስንከራከር ነበር። ቆይቶ በራሷ ቤተሰብ ላይ ስትፈርድበት አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለውጭ ሰዎች ዝግ ሆኖ የቆየው የቡና ንግድ ሲከፈት ከአውሮፓ አንድ ኩባንያ መጣ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ሸለቆ ውስጥ ሦስት የቡና መፈልፈያዎች ነበሩ፤ ገበሬው የለቀመውን ቀይ እሸት ተቀብለው፣ ፈልፍለውና አጥበው የሚያደርቁ። ኩባንያው ሦስቱንም መግዛት ፈለገ። ለዚህ የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግዢው ውድድርን እንደማያጠፋ ደግሞ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አሳውቆ ይሁንታ ማግኘት አለበት። በዞኑ ይህን ሥራ አሳምሮ የሚያውቅ ከነኢማ ሌላ አልነበረም። ቀጠሯት።

ከሦስቱ መፈልፈያዎች አንዱ የሐጂ ጠሃ ነበር።

ይህን ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገረች። «ከሻጮቹ አንዱ አጎቴ ናቸው፤ ያሳደጉኝ። ይህን አውቃችሁ ትቀጥሩኛላችሁ ወይስ ሌላ ትፈልጋላችሁ?» አለች። የኩባንያው የአገር ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ቢንያም ሳቀ። «እንዲያውም ዋጋ ያስቀንሱልናል» አላት። ነጩ አለቃ ፒተር ግን አልሳቀም፤ ጥቂት አሰበና እጁን ዘረጋላት። ማወቃቸውን በጽሑፍ አስፈርማ ሥራዋን ጀመረች።

ችግሩ የመጣው ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበው ማመልከቻ ሲረቀቅ ነው። ቢንያም ገበያው የጅማ ዞን በሙሉ ነው ተብሎ እንዲጻፍ ፈለገ። ከአጋሮ እስከ ሰቃ፣ ከሰቃ እስከ ሸቤ ስንት መፈልፈያ አለ! ከዚያ ሁሉ ሦስት ቢገዙ ምን ይጎድላል?

«የሸቤ ገበሬና የዚህ ሸለቆ ገበሬ አንድ ገበያ ላይ አይገናኙም» አለችው ነኢማ። «እሸት ቡና አያድርም። ዛሬ የተለቀመው ዛሬ ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የገበሬው ገበያ በቅሎው እስኪመሽ የሚደርስበት ቦታ ድረስ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሦስቱንም ከገዛችሁ በሸለቆው ሌላ ገዢ አይኖርም።»

«ካልፈለገ ጀንፈል ያድርገው፤ አድርቆ ይሽጥ» አለ ቢንያም።

«ማድረቅ መጠበቅ ነው። የሚጠብቅ ሆድ ያለው ገበሬ አሳየኝ።»

ቢንያም ተቆጣ። «ወይዘሮ ነኢማ፣ እኛ የቀጠርንዎት እንዲፈቀድልን ነው!»

«እንዲፈቀድላችሁ ነው የምሠራው። በውሸት የወጣ ፈቃድ ውሸቱ የተገለጠ ቀን ይሰረዛል። ያን ጊዜ እናንተ ማሽን ተክላችኋል፣ ሰው ቀጥራችኋል። የማላምንበትን ጽፌ አልፈርምም፤ የሚፈርም ጠበቃ ካለ ዛሬውኑ ፋይሉን አስረክበዋለሁ።»

ፒተር ረቂቁን ወደ ራሱ ሳበ። «ስለ ርቀቱ እርግጠኛ ነሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ነገ የሚመች ጫማ አድርገህ ና» አለችው።

በማግስቱ እኔም ተከተልኩ። አባ ፊጣ የሚባሉ ገበሬ ከላይኛው ሸንተረር ከቤተሰቦቻቸው ጋር ቡና ይለቅሙ ነበር። ነኢማ ቀድማ አነጋግራቸዋለች፤ ቡናቸው ቢበላሽ የምትከፍለው እሷ ናት። ከቀትር በኋላ በቅሎዋ ተጫነች፤ ቁልቁል ወረድን። በሐጂ ጠሃ መፈልፈያ በኩል ስናልፍ አባ ፊጣ በቅሎዋን ሊያስገቡ ሲሉ ነኢማ ከለከለቻቸው። «ዛሬ ሦስቱም የእሱ ናቸው እንበል» አለች ወደ ፒተር እያመለከተች። «የሰጠዎት ዋጋ አልጣመዎትም። ወዴት ይሄዳሉ?»

አባ ፊጣ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸለቆው ውጭ ወደ ከተማው አቅጣጫ ወዳለው መፈልፈያ አመለከቱ። እንሂድ ተባለ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ፒተር ወንዙ ዳር አንሸራትቶት በቂጡ ቁጭ አለ፤ ተነሥቶ ሱሪውን እየጠረገ ሳቀ፤ በቀጣዩ ዳገት ግን ሳቁ አለቀ። እዚያ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። ተቀባዩ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰደደ፣ ፍሬውን አወጣ፣ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «ሞቋል። ይሄ ሽታ ይይዛል» አለ። ፒተርም ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ነኢማ አባ ፊጣን ከፈለቻቸው፤ ወደ መኪናችን ተመለስን።

መኪናው ውስጥ ብዙ ከሄድን በኋላ ፒተር «አንዱን መተው አለብን ማለት ነው። የቱን?» አለ።

ነኢማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ መልሱን ስለማውቀው አንገቴን ደፋሁ። ሁለቱ መፈልፈያዎች በሸለቆው ግራና ቀኝ ዳር ናቸው። ከሁለቱም ሸንተረሮች የሚወርዱት መንገዶች የሚገናኙበት መገንጠያ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ እያንዳንዱ ገበሬ ሁለት ምርጫ ይኖረዋል። ከዳሮቹ አንዱ ቢቀር ግን በማዶ ያለው ሰው ያው አንድ ገዢ ነው ያለው።

«መገንጠያው ላይ ያለውን» አለች በመጨረሻ። «የአጎቴን ተዉት።»

ሐጂ ጠሃ መሸጡን እንዴት እንደተመኙት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ቀርተዋል፤ ጉልበታቸው ታሟል። ኩባንያው ከሰጣቸው ዋጋ የሚጠጋ የሚሰጥ ሰው አካባቢው ላይ አልነበረም። ኩባንያው ምክሯን ከተቀበለ በኋላ ለአጎቷ ራሷ ልትነግራቸው አስፈቀደች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አብረን ሄድን።

ሐጂ ሳሎናቸው ውስጥ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሰምተዋታል፤ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«እንዲህ ብለሽ የመከርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ጠበቃ ነው ብትይኝ እኮ አምንሽ ነበር።»

«ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት፣ ኤሱማ።»

«ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» እግራቸውን ከትራሱ ላይ አወረዱ። «ቡናዬን እየሸጥኩ ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ መጥተሽ ደጄን እንድትዘጊ ነው?»

«ለእርስዎ ብዬ ብዋሽ፣ ነገ ለሌላው ብዬ በእርስዎ ላይ እዋሻለሁ። እንዲህ ዓይነት ልጅ አላሳደጉም። ደጅዎትንም አልዘጋሁም፤ መሸጥ ይችላሉ፣ ለእነሱ ግን አይሆንም።»

«ታዲያ ለማን ልሽጠው? ከእነሱ ሌላ ማን ይገዛኛል?»

«ኤሱማ» አለች ነኢማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስቱንም ቢገዟቸው ኖሮ የላይኛው ገበሬ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።»

ሐጂ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ቆም ያሉ መሰለኝ፤ ግን አልዞሩም፤ ወጡ።

ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው እሷ ነበረች። እንባዋ በጉንጮቿ ላይ ሲወርድ አይቼ «ልንዳልሽ» አልኳት። «ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አላለቀሰም» አለችኝ።

ፈቃዱ ያለ ብዙ ጣጣ መጣ። ኩባንያው ሁለቱን ገዛ። አጋሮ ላይ ግማሹ «አጎቷን ለፈረንጅ ሸጠች» ሲል ግማሹ «ፈረንጁን ለአጎቷ ሸጠች» አለ። እሷ ሁለቱንም ሰምታ «በስንት እንደሸጥኳቸው ይንገሩኝ እንጂ፤ ግብር አለብኝ» እያለች ታስቃቸው ነበር።

ሐጂ ግን ኮረፉ። እሷ ስትመጣ በጓሮ በር ይወጣሉ። እሷ ደግሞ መሄዷን አልተወችም። ከሚስታቸው ጋር ትጫወታለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ለሐጂ ሰላምታ ትታ ትመለሳለች። አንድ ቀን «ለምን ይቅርታ ጠይቀሽ አትገላገዪም?» አልኳት።

«ይቅርታ አልጠይቅም፤ አልተሳሳትኩማ። እሳቸውን ግን እጠይቃለሁ። ካልጠየቅኳቸው ነው የምሳሳተው።»

የሚቀጥለው የለቀማ ወራት መጣ። ሐጂ ገዢ ስላጡ ሳይወዱ መፈልፈያቸውን ከፈቱ። አንድ ቀን ጠዋት የነኢማ ስልክ ጠራ። ተነሥታ ቆመች። እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያን ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስለ ኩርፊያው አንድ ቃል አላነሱም።

«እነዚያ ደንበኞችሽ ገበሬውን ‹ለሐጂ ከሸጥክ ወደ እኛ እንዳትመለስ› ይሉታል» አሏት። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «ሕግሽ ይህን ይፈቅዳል?»

«ኤሱማ፣ እኔ የእነሱ ጠበቃ ነኝ። እርስዎን መምከር አልችልም። ሰለሞን አጠገቤ አለ፤ እሱ ይይዝልዎታል። ግን ያሉኝን ለእነሱ ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው! ፈርቼ ነው?»

ስልኩን ለእኔ ሰጥታ በቢሮው ስልክ ቢንያም ጋ ደወለች። ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ታች የጨርቅ መደብሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተዋል። «ውል ስትፈርም ምን አልኩህ? ገበሬው ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለሐጂ መሸጥ ይችላል። በራችሁ ላይ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ዛሬውኑ አስቁመው፤ ነገ ሰለሞን ቢከስህ ‹ነግሬው ነበር› ብዬ ነው የምጀምረው!»

ክስ አላስፈለገም፤ ነገሩ በዚያው ሰሞን ቆመ። ከዚያ በኋላ በሐጂ ጠሃ ላይ የመጣውን ለውጥ ያየሁት እኔው ነኝ፤ ደንበኛዬ ሆነዋልና። ጠዋት ጠዋት ወንበር አስወጥተው መፈልፈያቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። ከላይ የሚወርደውን ገበሬ «እነዚያ ስንት አሉህ?» ይሉታል፤ ትንሽ ጨምረው ይገዙታል። ኩባንያውም በበኩሉ ይጨምራል። አባ ፊጣን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ ዘመኑ ብጠይቃቸው፣ በቅሎዋን እያሻሹ «አሁን እኛን ይለምኑናል» አሉኝ።

«ጉልበትዎስ?» አልኳቸው ሐጂን።

«ፉክክር አሻለው» አሉኝ፤ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደብቀው።

ለዒድ ሚስታቸው ነኢማን አስጠሯት። ስትገባ ሐጂ ተቀምጠዋል፤ በጓሮ አልወጡም። ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እዚህ ነይ» አሏት። ልክ ነበርሽ ብለዋት አያውቁም። እሷም አልጠበቀችም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ውል፣ እያንዳንዱ ክርክር ሲመጣ «ነኢማ ምን አለች?» ማለት ጀመሩ፤ ጠበቃቸው እኔ ሆኜ ሳለሁ።

ሕመሟ የመጣው ድንገት ነው። ሐኪሙ የነገራትን ይዛ ቢሮ ገባችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ሌላ ሐኪም ላማክር ነው። ተወዳዳሪ የሌለው ሐኪም ደስ አይለኝም» አለችኝ። ሁለተኛውም ያንኑ ነገራት። ደንበኞቿን አንድ በአንድ ለሌሎች ጠበቆች አስረከበች፤ ከባዶቹን ለእኔ። መጨረሻ ላይ አቅም ሲያንሳት ሐጂ ራሳቸው መጥተው ወደ አጋሮ ወሰዷት። ያረፈችው ባደገችበት ቤት ነው።

እዚያ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ቀብሩ የሚፈጸመው ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ቀጥሎ ነበር። ሐጂ ጠሃ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደርቋል። አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጠራ። ቢንያም ነበር።

«ሰለሞን፣ ግራ ገብቶኛል» አለኝ። «ዛሬ ለክብሯ ሁለቱንም መፈልፈያ ልንዘጋ ፈልገናል። ግን እኛ ዘግተን ሐጂ ከከፈቱ... ከሳቸው ጋር ተነጋግረን አብረን እንዳንዘጋ ደግሞ፣ ተፎካካሪ ከተፎካካሪ ጋር ስለ ሥራው መመካከር ክልክል ነው ብላ ያስተማረችን እሷ ናት። ለቅሶ ላይስ ይቻላል?»

ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅኩም። ለአንድ ቀን ሐዘን ብሎ መዝጋት ማንንም አያስከስስም፤ ይህን ልነግረው ስል ሐጂ «ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ቢንያም» አሉት። «ዛሬ ጠዋት የተለቀመው እሸት የት ይደር?»

ቢንያም የመለሰውን አልሰማሁም።

«አትዝጋ፣ ልጄ። እኔም አልዘጋም። ሠራተኞችህ ተራ በተራ ይምጡ፤ የእኔም እንደዚያው። ገበሬው ቡናውን ይሽጥና እሱም ይምጣ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ዋጋህን ግን እንዳትነግረኝ። በር ላይ እደርስበታለሁ።»

ስልኩን መለሱልኝ። ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።